እስከ ምሰሶው ድረስ ወሬ የለም

«እኔ እኮ እትዬ፣ የትምህርት ቤቱን ልጅ በሙሉ ቢሰጡኝ፣ አንድ ሳል ሳይሰማ አጥቤ፣ አልብሼ፣ አሰልፌ አደርሰዋለሁ» አለች ልጅቷ፣ ባዶ ባልዲዋን ዳሌዋ ላይ አስደግፋ። «ጩኸት የሰነፍ ሰው ሥራ ነው።»

ሰፊዋ ጎረቤት በረንዳቸው ላይ ከተተከለው የስፌት መኪና ቀና አላሉም። ልጆቻቸውን ሲለምኑ፣ ሲራገሙ፣ የጠፋች ካልሲ ፍለጋ አልጋ ሥር ሲገቡ ነው ያረፈዱት። ጉሮሯቸው ገና አልተመለሰም።

«የእናንተ ቤት ጧት ጧት ለቅሶ ቤት ይመስላል» አሉ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው።

«ጨዋነት ነው፣ እትዬ።»

«ለቅሶ ቤት እንኳ ይለቀሳል።»

ልጅቷ ሳቀች። ቅናት ነው ብላ አለፈች። ሰፈሩ «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላት። ራሷ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተር ሰቅላ የቀረች ብትሆንም፣ ስሙን እንደ ዘውድ ጭና ነበር የምትሄደው።

ጸጥታው እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የእሷና የሁለት ታናናሾቿ እናት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ፣ የሽመና ማሽን ትጠብቃለች። ጎህ ሲቀድ ጸጉሯ የጥጥ ብናኝ ለብሶ ትመጣለች፤ ልጆቿን ግንባር ግንባራቸውን ትስምና አንዲቷን ክፍል ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ገብታ ትወድቃለች። ከሁለት ዓመት በፊት ከጎኗ የምትሠራውን ሴት እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት፤ ማሽኑ ጣቶቿን ይዞባት ገባ። ያን ዕለት ጧት እናት ሻይዋን ሳትቀምስ አቀዘቀዘችውና እንዲህ አለች፦

«ያ ሁሉ ማሽን ሲጮህ ማንም አይሰማውም። አንዱ ዝም ሲል ግን አዳራሹ በሙሉ ዞር ይላል። ያቆመው ወይ ክር ነው፣ ወይ ጣት ነው።»

ዳይሬክተሯ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ ያጣች ሴት ጣቷን ታጣለች። እናቷ ጣቷን ካጣች ደግሞ ሦስቱም ልጆች ማንን ይይዛሉ? ስለዚህ እናቷ እንድትተኛ ዓለምን ዝም ልታሰኝ ተነሳች። ዓለም እምቢ ስላላት ከታናናሾቿ ጀመረች።

የበሩን ማጠፊያ የምግብ ዘይት አጠጣችው። የቆርቆሮ ኩባያዎቹን በፕላስቲክ ለወጠች። ፊት የሚታጠቡበትን የብረት ሳፋ እንደ ሕፃን ጨርቅ አንጥፋ አስተኛችው። ጫማ ደጅ ያድራል። የቦርሳ ዚፕ ከማታ ተከፍቶ ያድራል። ትእዛዝ በአፍ አይሰጥም፤ አንድ ጣት ከተነሳ ፊት መታጠብ ነው፣ ሁለት ጣት ልብስ፣ ሦስት ጣት ዳቦና ሻይ። ቅንድብ ከተነሳ ያጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። ጣት ከንፈር ላይ ካረፈማ ማስረዳት አያስፈልገውም። ማስነጠስ የመጣበት ትራስ ውስጥ ያስነጥሳል። ማልቀስ የመጣበትም እዚያው።

ወሬ የሚፈቀደው ከቤት ወጥተው፣ መታጠፊያው ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ ከነኩ በኋላ ነው። «እስከ ምሰሶው ድረስ ወሬ የለም» የሚለው ሕግ የሚነገረው ማታ ማታ ነበር፤ ጧት እንዳይነገር።

መጀመሪያ ሰሞን ምሰሶው ጋ ሲደርሱ አፋቸው እንደ ተቀደደ ከረጢት ይዘረገፍ ነበር። መካከለኛዋን ልጅ «ሬዲዮ» ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ሌሊት ያየችውን ሕልም ከነማስታወቂያው ታስተላልፈዋለች። የመጨረሻው ልጅ ጢኖ፣ ገና አንደኛ ክፍል ነው፣ እሷ እስክትጨርስ መታገሥ አቅቶት በእግሩ ጣት ይቆማል።

ይህን ሰሞን ግን ምሰሶውን ነክተው ዝም ብለው ያልፋሉ። ሬዲዮ ባትሪዋ አልቋል። ጢኖማ መንካቱንም ትቶታል። ዳይሬክተሯ ይህን ስታይ ደረቷ ተነፋ። በቃ፣ ጠባይ ሆኗቸዋል፤ የዘራሁት በቀለ፣ አለች ለራሷ። አንድ ነገር ብቻ አልገባ ይላታል። ይህ ሁሉ ጸጥታ ተደርጎላትም የእናቷ ዓይን እንደ ቀላ ነው። ጸጥታው ገና ስላልበቃ ይሆናል ብላ ሕጉን ታጠብቀዋለች።

ዛሬ ጧትም ሁሉ ነገር እንደ ቅቤ ነበር የሄደው። ሦስት ጣት ሲነሳ ጢኖ ሻዩን አንስቶ ትልቅ ጉንጭ ሙሉ ወሰደ። ሻዩ ገና ያቃጥል ነበር። ልጁ ዓይኑን አፈጠጠ፤ መዋጥ አልቻለም፣ መትፋት ደግሞ ድምፅ አለው። እንባው በግራና በቀኝ እየወረደ፣ ሻዩ አፉ ውስጥ እስኪበርድ ድረስ ጠበቀና ዋጠው። ዳይሬክተሯ አውራ ጣቷን አቁማ አሳየችው። ጎበዝ ማለት ነው።

የጢኖ አስተማሪም እንዲህ ነበር የምትለው። በቀደም በር ላይ አግኝታት «ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ያሳደግሽው? ክፍሉን በሙሉ እንደሱ ሁኑ እያልኩ ነው የማስቸግራቸው» ብላታለች። ይህችን ቃል ዳይሬክተሯ ለሰፈሩ ያልነገረችው ሰው የለም፤ ሽንኩርት ለምትሸጥላት ሴት ሳይቀር ነግራለች።

ለሰፊዋም እንደገና ልትነግራቸው አፏን ከፈት ስታደርግ፣ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ስልኩም እንደ ቤቱ ሰው ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።

«የጢኖ እህት ነሽ?» አስተማሪዋ ናት። «ነይ። ቶሎ ነይ።»

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም» አለች አስተማሪዋ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «ነገሩም እሱ ነው።»

ዳይሬክተሯ ባልዲውን እዚያው ጥላው ሮጠች። ሰፊዋ ከኋላዋ «ምንድን ነው? አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነ?» ይላሉ።

ጢኖ ከክፍሉ ደጅ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በአስተማሪዋ ሻሽ ተጠቅልሏል። ሻሹ ነጭ ነበር፤ አሁን አይደለም። ፊቱ ጠመኔ መስሏል። እህቱን ሲያይ አልተነሳም፣ ከንፈሩ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጉልበቱን ገጥሞ፣ ወገቡን አቅንቶ ተቀምጧል፤ ልክ እሷ እንዳስተማረችው።

«በሩ ነው» አለች አስተማሪዋ። ወጣት ናት፤ እጆቿ ማረፊያ አጥተዋል። «አንድ ልጅ አርፍዶ መጣና በሩን ወርውሮ ዘጋው። ጢኖ ከበሩ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ ጣቱ ማጠፊያው ውስጥ ነበረች። እኔ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነው። ጻፍኩና ጨረስኩ። አነበብኩላቸው። ተከትለውኝ አነበቡ። እንደገና አነበብን። ዞሬም አይቼዋለሁ። አፉ ይንቀሳቀሳል። እያነበበ ነው የመሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አጠገቡ ያለችው ልጅ ደም አየችና እሷ ጮኸች። እሷ ባትጮህ… ጣቱ በር ውስጥ ገብቶ ዝም የሚል ልጅ አይቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ ምን አድርጋችሁት ነው?»

ዳይሬክተሯ መልስ አጥታ አታውቅም። «እርስዎ አይደሉም እንዴ እንደሱ ሁኑ ያሏቸው?» አለች።

አስተማሪዋ ፊቷን በጥፊ እንደ ተመታ ሰው ያዘች።

«ብያለሁ» አለች በዝግታ። «ሌሎቹም እሺ እንዳይሉኝ ነው አሁን የምፈራው።»

ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው። ነርሷ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ እጀታዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴት ናት። ሻሹን ስትፈታው ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ዳይሬክተሯ ፊቷን አዞረች። ጢኖ አላዞረም።

«ጎበዝ ልጅ» አለች ነርሷ። ሁሉም ሲጀምር እንዲህ ነው የሚለው። መርፌውን ወጋችው። የተሰነጠቀውን ጥፍር አነሳችው። በመሃል ቀና ብላ ፊቱን አየችና ሁለተኛ ጎበዝ አላለችውም።

«አንተ ልጅ፣ አመመህ?»

ጢኖ ራሱን ነቅንቆ አዎ አለ።

«ታዲያ ለምን አታለቅስም?»

ልጁ ወደ እህቱ ዞረ። ከዚያ በደህናው እጁ አንድ ጣት አነሳና ከንፈሩ ላይ አደረገው።

ነርሷ ጣቱን አየች፣ እህትየዋን አየች፣ ፋሻውን መጠቅለሏን ቀጠለች።

«ለእናታችን ብለን ነው፣ ሲስተር» አለች ዳይሬክተሯ። ማንም ሳይጠይቃት ቃሉ ከአፏ ይወድቃል። «የሌሊት ሠራተኛ ናት። ጧት ነው የምትተኛው። እንቅልፍ ካጣች ማሽኑ ጣቷን…» ዓይኗ ፋሻው ላይ አረፈ።

«የጫፉ አጥንት ደቋል» አለች ነርሷ። «ቶሎ ቢወጣለት ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ይድናል አልልሽም፣ አይድንም አልልሽም። ካመረቀዘ ሆስፒታል ወስደው ይቆርጡታል። አሁን የእናንተ ሥራ አንድ ነው። ሲሞቀው፣ ሲያብጥበት፣ ፋሻው ሲጠብቅበት እንዲናገር አድርጉ። እሱ ካልተናገረ ፋሻ ውስጥ ያለውን በምን ታውቂያለሽ?»

«ይናገራል፤ እኔ የምለውን ይሰማል።»

«እሱንማ አየሁት» አለች ነርሷ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዳይሬክተሯ ምሰሶው ጋ አቆመችው። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ምሰሶው ላይ የተለጠፈው የማስታወቂያ ወረቀት ልጆቹ በሚነኩበት ቁመት ላይ ተልጦ አልቋል።

«እሺ፣ ደርሰናል። ንካውና ጩህ» አለችው።

ጢኖ በግራ እጁ ነካው። አልጮኸም።

«ግዴለም ጩህ፣ እኔ ነኝ ያልኩህ። እንደ ፍየል በል።» ራሷ እንደ ፍየል ጮኸች። አንድ መንገደኛ ዞር ብሎ አያትና እርምጃውን ጨመረ።

«ፍየል አይደለሁም» አለ ጢኖ በሹክሹክታ።

«እሺ እንደ ሰው። እንዴት ነው የሚያምህ? ንገረኛ።»

ልጁ በቁም ነገር አሰበበት።

«ቀስ ብሎ» አለ።

ዳይሬክተሯ ደህናውን እጁን ይዛ ሄደች፤ እጁ እጇ ውስጥ እንደ ወፍ ልብ ይመታል።

ቤት ሲገቡ እናት ተነስታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታበጥራለች። ፋሻውን ስታይ ማበጠሪያው እዚያው ጸጉሯ ውስጥ ቀረ።

«በሩን ዘግተውበት ነው» አለች ዳይሬክተሯ ፈጠን ብላ። «ተማሪ ነው፣ ሳያይ። አስተማሪዋም ዓይኗ የት እንደነበረ እንጃላት። ሲስተሯ አይታዋለች፣ መድኃኒትም ሰጥታናለች፣ ምንም አይልም።»

እናት እሷን አልሰማቻትም። ጢኖን ጉልበቷ መሃል አቆመችው።

«ጮህክ?» አለችው።

እንግዳ ጥያቄ ነበር። አመመህ ወይ አላለችም፣ ማነው የዘጋብህ አላለችም። ጢኖ ራሱን ወዘወዘ። አልጮህኩም።

እናት ቀና ብላ ዳይሬክተሯን አየቻት። አየቻት፣ አየቻትና ማበጠሪያውን ከጸጉሯ ነቀለች። ብትቆጣ፣ ብትሰድብ፣ ያገኘችውን አንስታ ብትወረውር ዳይሬክተሯ መመለሻውን ታውቅበት ነበር። እናት ግን ልጁን ደረቷ ላይ አስደግፋ ዝም አለች። ዝምታው ዳይሬክተሯ ካሠለጠነችው ሁሉ የባሰ ነበር። ሲመሻሽ እናት ቆማ ዳቦዋን በላች፣ ሻሿን አሰረች፣ ወደ ፋብሪካዋ ሄደች።

ሬዲዮ ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ዳይሬክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ ይሄን ሰሞን ምሰሶው ጋ ለምንድን ነው የማታወሪው?»

«ምን ላውራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሕልምሽን ነዋ። ድሮ ጆሮ አልነበር እንዴ የምታሳጪኝ?»

ሬዲዮ እርሳሷን ነከስ አደረገች። «ሕልሜ ውስጥም አይወራም» አለች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

በማግስቱ ጧት እናት መጣች። ጥጡ ጸጉሯ ላይ ነው፣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። የጢኖን ፋሻ በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችው፣ ሽታው እንዳልተለወጠ አሸተተችው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። አልጋው አንዴ ሲጥ አለ። ከዚያ ጸጥ።

የዳይሬክተሯ ጣት በልማዱ ተነሳ። አንድ። ልጆቹ ሳፋው ላይ አጎነበሱ። ሁለት። ሬዲዮ ለበሰች። ጢኖ ግራ እጁን በእጀታው አስገባ፤ ቀኙን ሲያስገባ ፋሻው መሃል ላይ ተቀረቀረ። ዳይሬክተሯ ልትረዳው ጨርቁን ሳብ አደረገችው።

የልጁ ፊት እንደ ወረቀት ተጨማደደ። እንባው ወረደ። አፉ ግን እንደ ተሰፋ ኪስ ተገጥሟል። ከእጇ ወጣ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ሄደና ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። ትከሻው ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ድምፅ የለም።

«አልቅስ» አለችው አጠገቡ ተንበርክካ፣ በሹክሹክታ። «ጢኖዬ፣ ሞቆሃል? ጠብቆብሃል? ጮህ ብለህ ንገረኝ።»

ጢኖ ከትራሱ ቀና አለ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ መጋረጃው አየና ቅንድቡን አነሳባት።

ቅንድብ ከተነሳ ያጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። ሕጉን እሷ ናት ያወጣችው።

ዳይሬክተሯ መጋረጃውን አየች። ከወዲያ ማዶ የእናቷ ጣቶች አሉ፤ ማታ ወደ ማሽኑ ይመለሳሉ፤ እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል። ከወዲህ የጢኖ ጣት አለች፤ ፋሻ ውስጥ ሆና ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አይናገርም። ሁለቱን መዘነቻቸው። የሚበልጥ አልተገኘም። ብቻ አንደኛው እዚህ ፊቷ ያለቅሳል፣ ያለ ድምፅ።

ተነሳች። ሳፋውን ከጨርቁ ላይ አነሳችው። ውሃውን መጀመሪያ ደጅ ደፋችው፤ የመጣው ቢመጣ ወለሉን የምትወለውለው እሷ ናት። ከዚያ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛው፣ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው።

ሳፋው የሁለት ዓመቱን በአንዴ ጮኸ። ነጠረ፣ ተሽከረከረ፣ በጠርዙ እየዞረ ድፍን ቤቱን ዞረው፣ ጊዜ ወስዶ አረፈ። ሬዲዮ ጆሮዋን ይዛ አፏን ከፍታ ቀረች። ማዶ በረንዳ ላይ የሰፊዋ መኪና ቀጥ አለ።

ጢኖ ደነገጠ። አፉ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ባዶውን ነበር። ከዚያ ከሆዱ ሥር፣ ከሩቅ፣ የትናንቱ ለቅሶ መጣ። የበሩ መጣ፣ የመርፌው መጣ፣ የሻዩም ሳይቀር መጣ። «አመመኝ» አለ እየጮኸ። «ጠበቀኝ፣ እዚህ ጋ ጠበቀኝ፣ አመመኝ።»

ዳይሬክተሯ አቀፈችው። ፋሻውን ላላ እያደረገችለት ልቧ ሞላ፤ ትንሽም ኩራት ሳይሰማት አልቀረም። ለልጁ ስትል እናቷን ቀስቅሳለች። ስድቡንም፣ ቁጣውንም፣ የሚመጣውን ሁሉ በደረቷ ልትቀበል ነው። አልጋው ሲጥ ሲል ድምፅዋን አስተካከለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት፣ አውቄ ነው» አለች። «ለእሱ ብዬ ነው። እንቅልፍሽን እንደነሳሁሽ አውቃለሁ፣ ግን…»

መጋረጃው አልተከፈተም። ድምፁ ከጀርባው መጣ፣ ደረቅ፣ እንቅልፍ የሚባል ያልነካው።

«የቱን እንቅልፍ? ቤቱ ዝም ባለ ቁጥር የማንኛችሁ ጣት ነው ስል ነው ሁልጊዜ የማረፍደው። አሁን አንቺ አፍሽን ዝጊና ልጁ ያልቅስበት፤ እኔም ልተኛ።»